ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱ ወሰን



እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ማታ ሮበርት ታፓን ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሱን የሚያባዛ፣ «ትል» የሚባል ዓይነት ፕሮግራም ወደ ኢንተርኔት ለቀቀ። ኢንተርኔት ያኔ የዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት መገናኛ ነበር። በጊዜው በተሰጠው ግምት 6 ሺህ ያህል ኮምፒውተሮች ተበከሉ፤ ብዙዎቹም ከሥራ ውጪ ሆኑ። ትሉ ከገባባቸው በሮች አንዱ «ፊንገር» የሚባል ትንሽ አገልግሎት ነበር። የፊንገር ሥራ «በዚህ ማሽን ላይ ማን አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ መመለስ ብቻ ነው። ጥያቄውን የሚቀበልበት ቦታ 512 ባይት ይይዛል፤ የመጣለትን ጽሑፍ ርዝመት ግን አይለካም። ሞሪስ ከዚያ የረዘመ ጥያቄ ላከ። ትርፉ ሞልቶ ፈሰሰና ፊንገር ቀጥሎ ወደየትኛው መመሪያ እንደሚሄድ የሚነግረውን አድራሻ ተካ፤ ፊንገርም በገዛ እጁ ሼል ከፍቶ ማሽኑን ለማያውቀው እንግዳ አስረከበ።

የፊንገር ስሕተት ጥንቃቄ የጎደለው አንድ መስመር ኮድ ነው፤ ታርሞ አልፏል። የበለጠ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ማን እንዳለ ለመናገር ብቻ የተሠራ ፕሮግራም ሼል መክፈት ለምን ተቻለው? ከሥራው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ማሽኑ ላይ ግን «ይህ ሥራህ አይደለም» የሚለው አካል አልነበረም።

ዩኒክስና ከእርሱ የወጡት ሲስተሞች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ቁጥጥር በባለቤት ፈቃድ የሚመራ ነው። ፋይሉ ባለቤት አለው፤ ማን እንዲያነብ፣ ማን እንዲጽፍ፣ ማን እንዲያስኬድ ባለቤቱ ይወስናል። ፕሮሰስ ደግሞ ያስነሣውን ተጠቃሚ ሥልጣን ሳይቀነስ ይወርሳል። ከሁሉም በላይ የተቀመጠው «ሩት» ወሰን የለውም። ስለዚህ በሩት ስም የሚሠራ አንድ አገልግሎት ሲጠለፍ የተጠለፈው አገልግሎቱ ብቻ አይደለም፤ ማሽኑ በሙሉ ነው። ባለቤት ደግሞ ይሳሳታል። አንድ ገጽ አልከፈት ሲል ቸኩሎ ለፎልደሩ 777 የሚሰጥ አስተዳዳሪ ብዙ ነው፤ ያ ማለት በማሽኑ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚ እንዲያነብና እንዲጽፍ በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ነው።

አስገዳጅ የመዳረሻ ቁጥጥር የሚባለው አሠራር ከዚህ የተለየ መንገድ ይከተላል። በባንክ ቤት ትልቁ ካዝና የሚከፈተው በሁለት ሰዎች ቁልፍ ነው፤ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ «እኔ ፈቅጃለሁ» ቢል እንኳ ብቻውን አይከፍተውም፤ ሕጉ ከእርሱ በላይ ነውና። በኮምፒውተርም እንዲሁ ከባለቤቱ ፈቃድ በላይ የሲስተሙ ፖሊሲ አለ፤ የሚያስፈጽመውም ከርነሉ ራሱ ነው። የፋይሉ ባለቤት የፈቀደውን ፖሊሲው ሊከለክል ይችላል፤ ባለቤቱ የከለከለውን ግን ፖሊሲው አይፈቅድም። ሁለቱም እሺ ሲሉ ብቻ በሩ ይከፈታል።

ሐሳቡ የተወለደው በወታደሮች ዘንድ ነው። ጄምስ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1972 ለአሜሪካ አየር ኃይል ባቀረበው ጥናት፣ እያንዳንዱን የመዳረሻ ጥያቄ የሚመረምር፣ ሊታለፍ የማይችል፣ ትንሽ በመሆኑም ተፈትሾ ሊታመን የሚችል አንድ ተቆጣጣሪ እንዲኖር ጠየቀ። በዓመቱ ዴቪድ ቤልና ሊዮናርድ ላፓዱላ የምስጢር ደረጃን በሒሳብ ቀመር አስቀመጡ፤ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ከበላዩ ያለውን አያነብም፣ ከፍተኛ ደረጃ ያለው ወደ ታች አይጽፍም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣውና በሽፋኑ ቀለም «ብርቱካናማው መጽሐፍ» የተባለው መመዘኛ ከፍ ላሉት ደረጃዎች ይህን ቁጥጥር ግዴታ አደረገው። የገበያው ኮምፒውተር ግን ለሃያ ዓመት ያህል በቸልታ አለፈው።

መንገዱን የቀየረው የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ነው። የኤጀንሲው ተመራማሪዎች ፒተር ሎስኮኮና ስቴፈን ስሞሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ከታች ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አስገዳጅ ቁጥጥር ከሌለው ከላይ የሚደረበው ጥበቃ ሁሉ መፍረሱ አይቀርም ብለው ተከራከሩ። ከዩታ ዩኒቨርሲቲና ከሴኪዩር ኮምፒውቲንግ ኩባንያ ጋር የሠሩትን «ፍላስክ» የተባለ ንድፍ ሊነክስ ላይ አሳረፉት፤ ውጤቱ የሆነው ኤስኢሊነክስም በዲሴምበር 2000 ለሕዝብ በነፃ ተለቀቀ። የስለላ ተቋም የሠራውን ጥበቃ በገዛ ማሽን ላይ መጫን ጥርጣሬ ቢፈጥር አያስገርምም። ኮዱ ግን የተገለጠ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ በብዙ አገር በብዙ ሰው ዓይን ሥር አልፏል።

ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራውን ለሊነክስ ከርነል አዘጋጆች ሲያቀርብ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ አንዱን የጥበቃ ሥርዓት መርጦ ሌላውን መጣል አልፈለገም። ማንኛውም ሥርዓት የሚሰካበት የጋራ መገናኛ ይሠራ አለ። «ሊነክስ ሴኪዩሪቲ ሞጁልስ» የሚባለው ማዕቀፍ የመጣው ከዚያ ውሳኔ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ከወጣው የ2.6 ከርነል ጋር ማዕቀፉም ኤስኢሊነክስም አብረው ገቡ። ዛሬ ኤስኢሊነክስ፣ አፕአርሞር፣ ስማክና ቶሞዮ ጎን ለጎን የሚኖሩት በዚሁ መገናኛ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለማንኛውም አስተዳዳሪ ትምህርት ይሰጣል። ፌዶራ ኮር 2 እ.ኤ.አ. በሜይ 2004 ሲወጣ ኤስኢሊነክስን ይዞ መጣ፤ ፖሊሲው ግን እያንዳንዱን ፕሮግራም፣ ተጠቃሚው በእጁ የሚከፍተውን ጭምር፣ በወሰን ለመያዝ የሚሞክር ነበር። የሚሠራው ሁሉ መሰናከል ስለጀመረ እንደ ተዘጋ ቀረበ። በስድስት ወር ውስጥ በወጣው ፌዶራ ኮር 3 አዘጋጆቹ ሐሳባቸውን ለወጡ። አዲሱ ፖሊሲ «ታርጌትድ» ተባለ፤ ከኔትወርክ ጋር የሚነጋገሩትን አንድ ደርዘን ያህል አገልግሎቶች ብቻ ይዞ ሌላውን ለቀቀ። ተሳካ። በ2005 መጀመሪያ የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊነክስ 4 ይህንኑ ይዞ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ የታርጌትድ ፖሊሲ በየዓመቱ እየሰፋ ብዙ መቶ አገልግሎቶችን ሸፈነ። ሁሉን በአንድ ቀን ለማሰር የተነሣው ወደቀ፤ አደጋ ከሚገባበት በር የጀመረው ቆመ።

አሁን ወደ ማሽኑ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ኤስኢሊነክስ የሚሠራው በመለያ ነው። እያንዳንዱ ፋይል፣ እያንዳንዱ ፕሮሰስ፣ እያንዳንዱ የኔትወርክ ፖርት ተጠቃሚን፣ ሚናን፣ ዓይነትንና ደረጃን የሚገልጽ መለያ አለው። በዕለት ተዕለት ሥራ የሚፈለገው ሦስተኛው፣ ዓይነቱ ነው። የአፓቼ ዌብ ሰርቨር ፕሮሰስ ዓይነት «ኤችቲቲፒዲ_ቲ» ነው። የሚያቀርባቸው ገጾች «ኤችቲቲፒዲ_ሲስ_ኮንቴንት_ቲ» የሚል መለያ ይይዛሉ። የተመሰጠሩ የይለፍ ቃሎች የሚቀመጡበት ፋይል ደግሞ «ሻዶው_ቲ» ነው። ፖሊሲው የመጀመሪያው ሁለተኛውን እንዲያነብ ይፈቅዳል፤ ሦስተኛውን እንዲያነብ የሚል መስመር ግን የለበትም። በኤስኢሊነክስ ዘንድ ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ስለሆነ፣ አፓቼ ተጠልፎ የሩትን ሥልጣን ቢያገኝ እንኳ የይለፍ ቃሎቹ ፋይል ተዘግቶበት ይቆያል።

ይህን መለያ ለፕሮሰሱ የሚሰጠው የአነሣሡ መንገድ ነው። አገልግሎቶችን የሚያስጀምረው ሲስተምዲ የራሱ ዓይነት አለው፤ የአፓቼ ማስኬጃ ፋይልም የራሱ መለያ አለው። ፖሊሲው «ይህ ያንን ሲያስነሣ የሚወለደው ፕሮሰስ ኤችቲቲፒዲ_ቲ ይሁን» ይላል። ከዚህ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ይከተላል። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያሠራው፣ ከሊነክሱ ጋር ያልመጣ ፕሮግራም እንዲህ ያለ መስመር በፖሊሲው ውስጥ የለውም። በዛሬዎቹ የሬድ ሃት ሲስተሞች ሲስተምዲ ሲያስነሣው «አንኮንፋይንድ_ሰርቪስ_ቲ» የሚል ዓይነት ይይዛል፤ ማለትም ወሰን የለውም። የጥበቃውን ሁኔታ የሚጠይቀው ጌትኤንፎርስ የሚለው ትእዛዝ «ኢንፎርሲንግ»፣ ማለትም በማስገደድ ላይ፣ ብሎ ቢመልስም፣ ደምበኞች በየቀኑ የሚገቡበት ያ ፕሮግራም ከጥበቃው ውጪ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍተሻ «ፒኤስ» በሚለው ትእዛዝ ላይ ትልቁን ዜድ ጨምሮ የፕሮሰሶቹን ዝርዝር ከነመለያቸው ማየትና ወሰን የሌላቸውን መፈለግ መሆን አለበት።

እንዲህ ላለው ፕሮግራም ወሰን ማበጀት የሚፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። «ሴፖሊሲ ጄኔሬት» የተባለው መሣሪያ የፕሮግራሙ ፋይል ሲሰጠው የፖሊሲ ረቂቅ ያወጣል። ረቂቁ አዲሱን ዓይነት በፐርሚሲቭ ሁኔታ ይጀምረዋል፤ ፕሮሰሱ ከወሰኑ ሲወጣ አይከለከልም፣ ነገር ግን እያንዳንዱ መውጣት ይመዘገባል። ፕሮግራሙ ሙሉ ሥራውን እንዲሠራ ይደረጋል፤ የወር መጨረሻ ሪፖርት የሚያወጣ ከሆነም ያ ቀን እስኪያልፍ ይጠበቃል። ከዚያ መዝገቡ ተነብቦ ተገቢው ይፈቀዳል፤ በመጨረሻ ፐርሚሲቭ የሚለው መስመር ይሰረዛል።

በአሠራር ላይ ጎልቶ የሚያስቸግረው ግን የመለያ መሳሳት ነው። ለምሳሌ አስተዳዳሪው አዲስ ገጽ በሩት የቤት ፎልደር ውስጥ አዘጋጅቶ ወደ ዌብ ሰርቨሩ ፎልደር በ«ኤምቪ» ትእዛዝ ያዛውረዋል። ባለቤቱ ትክክል ነው፤ የማንበብ ፈቃዱም ትክክል ነው። ገጹ ሲጠየቅ ግን 403 የሚል ክልከላ ይመለሳል። 777 ቢሰጠውም ያው ነው። ምክንያቱም በዚያው ዲስክ ላይ የተዛወረ ፋይል የድሮ መለያውን ይዞ ይሄዳል፤ በ«ሲፒ» የተቀዳ ፋይል ግን የገባበትን ፎልደር መለያ ይወስዳል። ይህ ገጽ አሁንም «አድሚን_ሆም_ቲ» እንደተባለ ነው፤ አፓቼ ደግሞ የአስተዳዳሪውን የቤት ፋይል እንዲያነብ አልተፈቀደለትም።

መልሱ በማሽኑ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። የኦዲት መዝገቡ ቢከፈት «ዲናይድ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ በቅንፍ «ሪድ» ይላል፤ የተከለከለው ማንበብ መሆኑ ነው። «ኮም» በሚለው ሥር ኤችቲቲፒዲ፣ ማለትም ጠያቂው ፕሮግራም ይነበባል። «ኤስኮንቴክስት» የጠያቂውን መለያ፣ «ቲኮንቴክስት» የተጠየቀውን ፋይል መለያ ይሰጣል፤ እዚያው ላይ አድሚን_ሆም_ቲ ዓይን ውስጥ ይገባል። የዌብ ገጽ ሆኖ የቤት ፋይል መለያ ይዟል። መፍትሔው «ሪስቶርኮን» ብሎ ፋይሉን መስጠት ብቻ ነው፤ መለያው ወደሚገባው ይመለሳል፣ ገጹም ይከፈታል። የገጾቹ ማኅደር ከተለመደው ቦታ ውጪ ከሆነ ግን አስቀድሞ «ሴማኔጅ ኤፍኮንቴክስት» በሚለው ትእዛዝ አዲሱ ቦታ ለፖሊሲው መነገር አለበት። «ሲኤችኮን» ብሎ መለያውን በቀጥታ መቀየርም ይቻላል፤ ነገር ግን ሲስተሙ በሙሉ ዳግም መለያ የሚሰጥበት ቀን ሲመጣ ለውጡ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ምክንያቱን የሚያስታውስ ሰው ላይኖር ይችላል።

ፖርትም መለያ አለው። ኤስኤስኤችን ከ22 ወደ 2222 ያዛወረ ሰው አገልግሎቱ አልነሣ ሲለው ሊደነግጥ አይገባም፤ አዲሱ ፖርት የኤስኤስኤች መሆኑን በሴማኔጅ ማስመዝገብ ይበቃል። እንዲሁም ፖሊሲው ቡሊያን የሚባሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉት። አፓቼ በራሱ ተነሥቶ ወደ ሌላ ማሽን እንዳይደውል ከመጀመሪያው ተዘግቶበታል፤ ይህም ጠላፊ ሰርቨሩን ወደ ሌሎች ማሽኖች መረማመጃ እንዳያደርገው ትልቅ እንቅፋት ነው። ገጹ በሌላ ማሽን ላይ ካለ ዳታቤዝ ጋር መነጋገር ካስፈለገው ሁለት ቡሊያኖች አሉ። አንዱ ወደ ማንኛውም ፖርት ያስኬዳል፤ ሌላው ወደ ዳታቤዝ ፖርቶች ብቻ። አስተዋይ አስተዳዳሪ ሁለተኛውን ይመርጣል። ጊዜ የሚወስደውም ይህ ምርጫ እንጂ ትእዛዙን መጻፍ አይደለም።

አንድ መሣሪያ በተለይ ማስጠንቀቂያ ይሻል። «ኦዲት ቱ አላው» የተመዘገቡትን ክልከላዎች አንብቦ ሁሉንም የሚፈቅድ ፖሊሲ በቅጽበት ይሠራል። ጠቃሚ ነው። ነገር ግን መዝገቡን ሳያነብቡ ሙሉውን ወደ መሣሪያው መገልበጥ፣ ከሕጋዊው ሥራ ጋር የአጥቂውንም ሙከራ ማጽደቅ ሊሆን ይችላል። ከላይ በተነገረው የገጽ ምሳሌ መሣሪያው የሚያቀርበው ፈቃድ «አፓቼ የአስተዳዳሪውን የቤት ፋይሎች ያንብብ» የሚል ነው። መለያ የተሳሳተበትን አንድ ፋይል ለማቃናት የአስተዳዳሪውን ቤት መክፈት ተገቢ አይደለም።

በኡቡንቱ የሚሠሩ ሰዎች የሚያገኙት አፕአርሞርን ነው። ኢሚዩኒክስ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 «ሰብዶሜይን» ብሎ ጀመረው፤ ኖቬል በ2005 ገዛው፤ በ2010 በወጣው የ2.6.36 ከርነል ውስጥ ገባ። አፕአርሞር መለያ አይጠቀምም፤ ፕሮግራሙ የሚነካቸውን ፋይሎች በአድራሻቸው ይዘረዝራል። ፕሮፋይሉ ማንም አንብቦ የሚረዳው ጽሑፍ ነው፤ ለጀማሪ የሚቀለውም ለዚህ ነው። ችግሩም ከዚያው ይመጣል። ዲስክ ሲሞላ የማይኤስኪውኤልን ዳታ ወደ አዲስ ዲስክ ያዛወረ ሰው፣ ባለቤትነቱን በትክክል አስተካክሎ ሳለ አገልግሎቱ «ፈቃድ የለም» ብሎ ይወድቃል፤ ፕሮፋይሉ የሚያውቀው የድሮውን አድራሻ ነውና። አዲሱን አድራሻ ጨምሮ ፕሮፋይሉን ዳግም መጫን ይበቃል። አዲስ ፕሮፋይል የሚያዘጋጅ ሰው በ«ኮምፕሌይን» ሁኔታ ጀምሮ፣ መዝገቡን አይቶ፣ ወደ «ኢንፎርስ» ቢያሻግረው መንገዱ ከኤስኢሊነክሱ ጋር አንድ ነው።

ይህ ሁሉ የሰርቨር ክፍል ወሬ የሚመስለው ሰው ኪሱን ይፈትሽ። አንድሮይድ ስልክ ሁሉ ኤስኢሊነክስን ይዞ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2013 በ4.3 እትም እየመዘገበ ብቻ ጀመረ፤ በ4.4 ጥቂት ቁልፍ አገልግሎቶችን ማስገደድ ያዘ፤ በ2014 በወጣው 5.0 ሲስተሙን በሙሉ ሸፈነ። በ2015 ክረምት «ስቴጅፍራይት» የተባለ ጉድለት ተገለጠ፤ በመልእክት የተላከ ቪዲዮ ብቻውን ስልኩን ሊያስጠልፍ ይችል ነበር። ቪዲዮውን የሚፈታው «ሚዲያሰርቨር» የሚባለው አገልግሎት ካሜራውንም፣ ድምፁንም፣ ኔትወርኩንም በአንድ እጁ ይዞ ነበር። ጉግል ጉድለቱን በመድፈን ብቻ አላቆመም። በ2016 በወጣው አንድሮይድ 7 አገልግሎቱን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የየራሱን ጠባብ ወሰን ሰጠ፤ ካሜራውን የካሜራው ክፍል፣ ድምፁን የድምፁ ክፍል ያዘ፤ ከማይታወቅ ምንጭ የመጣ ፋይል የሚፈታው ክፍል ሁለቱንም አይነካም። በአዲስ አበባም በጅዳም ስልኩን የሚከፍት ሰው ይህ ጥበቃ አብሮት አለ፤ ማዋቀር የተባለ ሥራ ግን አልጠየቀውም።

ጥበቃው የማይደርስበትም አለ። በ2014 የተገለጠው «ሃርትብሊድ» ሰርቨሩ በገዛ ማህደረ ትውስታው የያዘውን ምስጢር ያስለቅቅ ነበር፤ ፕሮሰሱ ከወሰኑ ስላልወጣ ኤስኢሊነክስ የሚከለክለው ነገር አላገኘም። ከርነሉ ራሱ ከተሰበረም አስገዳጁ አብሮ ይሰበራል። በሌላ በኩል በፌብሩዋሪ 2019 ከኮንቴይነር አምልጦ አስተናጋጁን ማሽን ለመቆጣጠር የሚያስችለው የ«ራንሲ» ጉድለት ሲወጣ፣ በሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊነክስ 7 ላይ ኤስኢሊነክስን በኢንፎርሲንግ የተዉ ሰዎች ማስተካከያው ከመድረሱ በፊት ተጠብቀው ነበር። የዘጉት ግን ለአደጋው ተጋለጡ።

ይህ ሆኖ ሳለ አገልግሎት ሲሰናከል በብዙ የሥራ ቦታ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር «ሴትኤንፎርስ ዜሮ በለው» ነው። ትእዛዙ ማሽኑን በሙሉ ፐርሚሲቭ ያደርገዋል፤ ገጹ ይከፈታል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጊዜያዊ የተባለው መፍትሔ ግን ማሽኑ ዳግም ሲነሣ እንዳይጠፋ በማዋቀሪያ ፋይሉም ላይ ተጽፎ ለዓመታት ይቀመጣል፤ የተቸገረው አንድ አገልግሎት ሆኖ ሳለ ጥበቃውን የሚያጡት ሁሉም ናቸው። ጊዜ መግዛት የግድ ከሆነ «ሴማኔጅ ፐርሚሲቭ» የሚለው ትእዛዝ አንዱን ዓይነት ብቻ ለይቶ ይለቃል፤ ሌላው በወሰኑ ይቆያል። ያም ቢሆን የሚያበቃበት ቀንና የሚከታተለው ሰው ሊመደብለት ይገባል።

በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የአስተዳዳሪው ምርጫ ብቻ አይደለም። የሰው መረጃ የያዘ ተቋም መረጃውን ለመጠበቅ ተገቢውን ቴክኒካዊ ርምጃ እንዲወስድ ሕግ ይጠይቀዋል። ከማሽኑ ጋር በነፃ የመጣ ጥበቃ ዘግቶ «ርምጃ ወስጃለሁ» ማለት አያስኬድም። ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ያለ፣ ሰርቨር በእጁ የሚያስተዳድር ሁሉ ነገ ጠዋት ሥራ ሲገባ ጌትኤንፎርስ ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «ዲሴብልድ» ከሆነ በአንድ ጊዜ ወደ ኢንፎርሲንግ አይዝለል፤ መጀመሪያ ፐርሚሲቭ አድርጎ፣ ማሽኑ ዳግም ሲነሣ ፋይሎቹ ሁሉ አዲስ መለያ እንዲያገኙ አዝዞ፣ መዝገቡን ለጥቂት ሳምንታት ያንብብ። ከዚያ ያስገድድ።